የቦርከና ማዶ ልከኛ

ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር ማንም ሰው ማለዳ ጣቱን ወደ መርማሪው ከመስደዱ በፊት የይመር ደም መታየት ነበረበት።

መርማሪው በየቤቱ ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተሰቀለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ነጭ ሣጥን ነው። ጣት ይገባበታል፣ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ መብራት ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ሰውየው ወደ ሥራው ይሄዳል። ብጫ ከሆነ መድኃኒት ቤቱ ወይም የደም ማጣሪያ ጣቢያው ይከፍትለታል። ብጫ ላላየ ሰው በሩ አይከፈትም። ሰዉ ይህን ከለመደው ቆይቷል፤ "እንዴት አደርክ?" ሲባል "አረንጓዴ ነኝ" ብሎ የሚመልሰው በርክቷል።

ሣጥኖቹ ግን ይዛባሉ። ሙቀትና አቧራ ይጫወቱባቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር ደሙ የማይለዋወጥ አንድ ሰው አለው፤ ልከኛ ይሉታል። የልከኛው ደም ማለዳ ይቀዳል፣ ይረጋል፣ ይሽከረከራል፣ ከላይ የሚቀረው ብጫ ውሃ በላቦራቶሪው ይለካል። የልከኛው ቁጥር አስቀድሞ የታወቀ ነው። መሣሪያው ያንኑ ቁጥር ካወጣ ልክ ነው። ሌላ ካወጣ የተሳሳተው መሣሪያው ነው ተብሎ ይስተካከላል። የሰፈሩ ሣጥኖች ሁሉ በእሱ ልክ ተስተካክለው የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ይመር ልከኛ ከመሆኑ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሚስት አግብቶ ብዙም ሳይቆይ ተፋታ፤ ልጅ የለውም። ላቦራቶሪው ሲመርጠው ደሙን ለረጅም ጊዜ አጥንቶ ነው። ከተመረጠ ወዲህ በየቀኑ ያንኑ ገንፎ፣ ያንኑ የምስር ክክ፣ ያንኑ የተመጠነ ጨው ይበላል። ሥጋ አይቀምስም። ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር እስከ ድልድዩ ሄዶ ይመለሳል፤ ዝናብ ቢይዘውም እርምጃውን አያፈጥንም። ሠርግ ሲጠራ የክብር ቦታ ይሰጠዋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መርቆ ይወጣል። እናቱ የሞተች ጊዜ ቀብሩ ላይ ዓይኑ ደረቅ ሆኖ ቆሞ ታየ። ለቀስተኛው በጽናቱ ተገረመ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እናቱ ማሰብ ያስፈራው ጀመር።

ልከኛ ቢታመም ወይም ያልተፈቀደ ነገር ቢበላ የሚጠበቅበት ለላቦራቶሪው "ዛሬ አልሆንም" ማለት ብቻ ነው። የሌላ ሰፈር ልከኛ ደም ይተካለታል፤ ቅጣት የለውም። ይመር ይህን ቃል አንድም ቀን ብሎት አያውቅም። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ በመንገድ ሲያልፍ ሽማግሌ ሳይቀር ከመቀመጫው ብድግ ይልለት ነበር። ይመር "ኧረ በአላህ" እያለ በእጁ ያስቀምጣቸዋል፤ ሳይነሱለት የቀሩትን ግን ልብ ይል ነበር።

ዘይነባ ከአባቷ ጋር ከይመር ቤት በደረጃው ማዶ ያለውን ቤት የተከራየችው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ጥገና ሠራተኛ ነች። አባቷ ጋሽ ሙሄ ኩላሊታቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ መብራታቸው በየጥቂት ቀኑ ብጫ ይሆናል፣ ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ይሄዳሉ፣ ደማቸው ታጥቦ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ከጣቢያ ሲመለሱ ደረጃው አቃታቸው። ይመር ደግፎ አወጣቸው።

"ግቡና አረፍ በሉ እንጂ" አለችው ዘይነባ።

"ውሃ ካለሽ ይበቃኛል።"

"አንቱ ሰውዬ! ሰው ቤት ገብቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው አለ?"

"እኔ አለሁ" አለ ይመር። ጋሽ ሙሄ ሳቁ። ይመር ሰው አስቆ ስለማያውቅ የራሱ ነገር ገረመው።

የፍየል ቅቅል ነበር። ሽታው ደረጃው ላይ ሳለ ደርሶታል። ትንሽ መረቅ ብቻ ብሎ ጀመረና አጥንት ይዞ ሲግጥ ራሱን አገኘው። ማንም አልተናገረውም። ዘይነባ አጥንቱን ከፊቱ አንስታ ሌላ አስቀመጠችለት፤ ስለ ሥራዋ፣ ጣራ ላይ ስለምታያቸው ርግቦች እያወራች። ቤቱ ሲገባ አፉን አልተጉመጠመጠም።

በማግስቱ ማለዳ መቅጃው ወንበር ላይ ሲቀመጥ "ዛሬ አልሆንም" ሊል አስቦ ነበር። ክንዱን ዘረጋ። መርፌው ገባ። ደሙ ወደ ቱቦው ሲወርድ የወትሮው መልክ ነበረው፤ ቀይ ነው፣ ምንም አያሳብቅም። አንድ ቅቅል ምን ያደርጋል ሲል አሰበ። የዚያን ዕለት እንደተለመደው የሰፈሩ ሣጥኖች በሰዓታቸው ተከፈቱ።

ከዚያ በኋላ ማምሻውን ወደ ዘይነባ ቤት መሻገር ልማድ ሆነ። ጥብስ ሲሆን፣ ቋንጣ ሲሆን፣ ምላስና ሰንበር ሲሆን፤ ዘይነባ እጇ ጣፋጭ ነበር፤ ሲበላላት ደግሞ ደስ ይላታል። "አንቱ" ማለቷን መቼ እንደተወች ሁለቱም አላስተዋሉም። ጋሽ ሙሄ ስለ ወጣትነታቸው፣ ሹፌር ሳሉ የሚሌን በረሃ እንዴት እንደሚያቋርጡ ያወራሉ። ይመር ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ወደ ቤት የሚያስቸኩል ነገር ማግኘቱ ያሳፍረውም ያስደስተውም ነበር።

ትርንጎ የደወለችው በዚህ መሃል ነው። ትርንጎ በላቦራቶሪው የጥራት ክፍል የብዙ ሰፈር ልከኞችን የምትከታተል ባለሙያ ናት፤ ይመርን እንደ አጎቷ ታከብረዋለች።

"ጋሽ ይመር፣ ሰላም ኖት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ክሪያቲኒንዎ ትንሽ ከፍ እያለ መጣ።"

ይመር ክሪያቲኒን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ልከኛ ሁሉ ይማረዋል። ኩላሊት ከደም የሚጠርገው ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል። የተቀቀለና የተጠበሰ ሥጋ የሚያዘወትር ሰውም ላይ ይጨምራል።

"ከፍ አለ?" አለ።

"ከመስመሩ አልወጣም፤ ግን ወደ አንድ ወገን እየተሳበ ነው። ምግብ ላይ የተለወጠ ነገር አለ እንዴ? ሕመም? መድኃኒት?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም የለም ትርንጎዬ። ምን ይኖራል?"

"እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ነበር። "እርስዎ አይሆኑም፣ መሣሪያው ነው። ወደ ታች እናስተካክለዋለን። ይቅርታ አስቸገርኩዎት።"

ይመር ስልኩን ዘጋ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ቢሆንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ስልክ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ማዶ ሲሻገር ዘይነባ በሩን ከፍታ ጠበቀችው።

"አባዬ አረንጓዴ ሆነ!"

"ምን?"

"ዛሬም፣ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም! ጣቢያ ከሄደ እኮ ቆየ። አንተ ከመጣህ ወዲህ ነው ይመር። ሙት፣ አንተ ከመጣህ ወዲህ ነው!"

ጋሽ ሙሄ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንደ ሙሽራ ያፍሩ ነበር። "እግሬ ትንሽ ይከብደኛል እንጂ ደህና ነኝ" አሉ። "መብራቱ ካለ አለ ነው።"

ይመር ገባው። መሣሪያው ወደ ታች ሲሳብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቁጥር አብሮ ይወርዳል። የጋሽ ሙሄ ኩላሊት አልዳነም። ቁጥራቸውን ዝቅ ያደረገው እሱ የበላው ሥጋ ነው።

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ ይህን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቦበታል፤ ሊናገር እንደነበር እርግጠኛ ነው። ዘይነባ ግን አፉ ሲከፈት ሌላ መሰላት። እየሳቀች ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችው። ትልቅ ጉርሻ ነበር። አፉ ሞላ። እስኪያላምጥ እሷ ሌላ ወሬ ጀምራለች፤ ሲውጠው ቃሉም አብሮ ወረደ።

ቤቱ ገብቶ ሲያስብ ሥጋውን ማቆም ፈለገ። ዝም ብሎ ቢያቆም ደሙ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ማንም አያውቅም። ቀጥሎ የመጣለት ሐሳብ ግን አስደነገጠው። መሣሪያው አሁን የተስተካከለው በሥጋው ደም ነው። ሥጋውን ቢተው ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ትርንጎ "ደግሞ ምን ነካው?" ብላ ትደውላለች። ሁለተኛ ጊዜ "ምንም" ማለት አይችልም። እንዳይጋለጥ መብላት አለበት።

ስለዚህ በላ። ደስታው አልቆ ነበር። ዘይነባ ፊት ተቀምጦ እንደ መድኃኒት ይውጠው ነበር፤ እሷም "ምነው፣ ዛሬ አልጣፈጠህም?" ትላለች፤ "ኧረ ጣፍጧል" ይላል፤ ትጨምርለታለች። በመንገድ ሰዎች ሲነሱለት ማስቀመጥ ተወ። አቀርቅሮ ያልፍ ጀመር። ሰዉ ያንንም ትሕትና አለው።

ጋሽ ሙሄ እየከበዱ ሄዱ። ካልሲያቸው ሲወልቅ የላስቲኩ ጉድጓድ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀርቶ ይታያል። ምግብ ይሸታቸዋል። ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ትራስ ይደራርባሉ። አንድ ማምሻ ይመር ባለበት ደረታቸውን ይዘው አቃሰቱ።

"አባዬ፣ አረንጓዴ ነህ እኮ!" አለች ዘይነባ። ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ቢሆንም ቁጣ ይመስል ነበር። "ጠዋት አብረን አየነው። ምን ሆንክ ታዲያ?"

"ልክ ነሽ" አሉ ጋሽ ሙሄ። "እርጅና ነው። ይቅር በይኝ፣ ዝም ብዬ አስቸገርኩሽ።"

ሽማግሌው መታመማቸው አሳፈራቸው። ሳይፈቀድላቸው የታመሙ ይመስል ከይመር ዓይን ሸሹ። ይመርም ከእሳቸው ዓይን ሸሸ። ሁለቱ ወንዶች እንደዚያ ወለሉን እያዩ ተቀመጡ።

በማግስቱ ዘይነባ የይመርን በር በጡጫ ደበደበችው። ማለዳ ነው፤ ደሙን ሰጥቶ ገና መመለሱ ነበር። ጋሽ ሙሄ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ትንፋሻቸው እርጥብ ድምፅ አለው።

"አረንጓዴ ይላል" አለች ዘይነባ። የአባቷን ጣት እንደያዘች ነበር። "ይመር፣ አረንጓዴ እኮ ነው የሚለው። ምን ላድርግ?"

ተሸክመው አወረዷቸው። ባጃጅ ውስጥ ይመር ጭንቅላታቸውን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ብጫ ያዩ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ይመርን ሲያዩ መንገድ ለቀቁለት። ዘይነባ የአባቷን ጣት በሩ ላይ ካለው ሣጥን አስገባች።

"ዛሬ አያስፈልግዎትም" አለ በሩ፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ። "መልካም ቀን።"

እንደገና ሞከረች። በሩ ያንኑ አለ። በመስተዋቱ ውስጥ ሠራተኞቹ ይታያሉ፤ አንደኛው እጁን ዘርግቶ ምን ላድርግ የሚል ምልክት አሳየ። በሩን የሚከፍተው ውጤቱ እንጂ እሱ አይደለም።

"እንመለስ" አሉ ጋሽ ሙሄ በጭንቅ። "ሰው አናስቸግር።"

ይመር ስልኩን አውጥቶ ለትርንጎ ደወለ። ሰልፈኛው በሙሉ ይሰማል። ራቅ ሊል ይችል ነበር፤ የሽማግሌው ጭንቅላት ግን ትከሻው ላይ ነው።

"ትርንጎ፣ የእኛ ሰፈር መብራት ውሸት ነው።"

"ምን አሉኝ ጋሽ ይመር?"

"ሥጋ ስበላ ነው የሰነበትኩት። ስትጠይቂኝም እየበላሁ ነበር። ምንም የለም ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው። አሁን አንድ ሰው ማጣሪያው በር ላይ ሊሞቱብኝ ነው። በሩን ክፈችው።"

ትርንጎ ጥያቄ ሳትጠይቅ ከላቦራቶሪው እንዲከፈት አደረገች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ያለ ምንም ንግግር ተከፈተ፤ ሠራተኞቹ ወጥተው ጋሽ ሙሄን ከእጁ ተቀበሏቸው። ከሰልፈኞቹ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ዘይነባ አባቷን ተከትላ ልትገባ ስትል ቆመች።

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ያን ቀን ሳጎርስህም?"

"ያን ቀን ነው ያወቅሁት።"

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታውም ደስ ባለው። ዘይነባ ግን ቀኝ እጇን አየችው፤ እንደ ባዕድ ነገር ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"በገዛ እጄ" አለች።

"አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ እኔ ነኝ—"

"በገዛ እጄ ነው" አለች፤ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከትታ ገባች። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ኀፍረቱን ግን እሷ ይዛው ሄደች፤ ይመር የሚያስመልስበት መንገድ አላገኘም።

ላቦራቶሪው የዚያኑ ቀን የሰፈሩን ሣጥኖች ዘግቶ ከደሴ የሌላ ልከኛ ደም አስመጣ። በሣጥኖቹ የተቀመጡ የደም ናሙናዎች በሙሉ እንደገና ተለኩ። ይመር ከልከኛነቱ ተሰናበተ። ትርንጎ ቤቱ ድረስ መጣች፤ እንድትጮህበት ቢመኝም አልጮኸችም።

"የእኔም ጥፋት ነው" አለችው። "መስመሩ ወደ አንድ ወገን ሲሳብ የሌላ ልከኛ ደም ጎን ለጎን ማስለካት ነበረብኝ። ሥራዬ እኮ ይኸው ነው። እርስዎን ጠየቅሁ፣ 'ምንም' አሉኝ፣ በቃኝ። ሌላ ሰው ቢሆን አላምነውም ነበር።"

"ሌላ ሰው ቢሆን" አለ ይመር።

የተሳሳተ ውጤት የደረሰው ቤት ሁሉ የታረመውን በአካል ሊነገረው ይገባል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ይመር አብሬሽ ልሂድ አላት። አያስፈልግም አለችው። ለመናት። ሄዱ።

ብዙው ቤት ለውጡ ትንሽ ነበር። "ምን ይደረግ፣ ሰው አይደለህ እንዴ" ይሉታል፤ አንዳንዱ "ግባ" ይለዋል። ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ብድግ ይሉለት የነበሩ ሰዎች አሁን ደግሞ እንዳያፍር እያሉ ዓይናቸውን ከእሱ ያነሱ ነበር። ከድልድዩ አጠገብ ባለ ቤት አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ትርንጎን እስከ መጨረሻ ሰማት።

"ባለቤቴ ኩላሊቷ የደከመ ነበር" አለ ሰውየው። "በዚያ ሰሞን ነው ያረፈችው። አረንጓዴ ሆና ነው። በዚያ ምክንያት ነው?"

ትርንጎ ናሙናዋ እንደተወገደ ነገረችው። "ልናውቅ አንችልም" አለች።

"እና እኔ ምን ልበል?"

ሰውየው ይመርን ብዙ አየው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ።

የመጨረሻው በር የዘይነባ ነበር። ትርንጎ "ይህን ለብቻዬ ልንገራት" አለችው። ይመር "አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምነግራት" አለ። ጋሽ ሙሄ ከሆስፒታል ከተመለሱ ጥቂት ቀናቸው ነው፤ ተርፈዋል፣ ልባቸው ግን ተጎድቷል፤ ደረጃ ከእንግዲህ አይወጡም አይወርዱም። ዘይነባ በሩን በግማሽ ከፍታ እዚያው ቆመች። ይመር የእያንዳንዱን ቀን የታረመ ቁጥር ነገራት። አንዱም ቀን አረንጓዴ አልነበረም። እሷ እንደማንኛውም የቢሮ ሰው ቃል ሰማችው።

"ሌላ አለ?" አለች።

"የለም።"

ከውስጥ ጋሽ ሙሄ በደከመ ድምፅ "ማነው?" አሉ።

ዘይነባ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይመር ነኝ፣ ጋሽ ሙሄ።"

"ይመር! ታዲያ በር ላይ ምን ያስቆምሃል? ግባ እንጂ፣ ብቻዬን ሰለቸኝ እኮ!"

ይመር ዘይነባን አያት። እሷ የእሱን ጫማ እያየች ነበር።

"ሌላ ቀን ጋሽ ሙሄ" አለ። "ሥራ ይዣለሁ።"

ሽማግሌው አልሰሙት ይሆናል፤ ወይም አላመኑትም። ይመር ፊቱን አዙሮ ደረጃውን መውረድ ሲጀምር፣ ከውስጥ፣ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ወለሉ ላይ ቀስ እያለ፣ እያረፈ፣ ሲጎተት ይሰማ ነበር።